ለአባቴ ሜትር የያዝኩበት ዓመት

ባለፈው ዓመት ዑምራ አድርጌ ስመለስ ጅዳ ላይ አንድ ቀን ተርፎኝ ነበር። ታክሲ ያዝኩና በኒ ማሊክ ሠፈር ወረድኩ። በልጅነቴ የኖርንበት ሕንፃ ቀለሙ ተቀይሯል፤ ከሥሩ የነበረው ልብስ ንጽሕና ቤት ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ከጎኑ አንድ የመናዊ ሽማግሌ ጠረጴዛ ዘርግቶ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ከተሰበሩ ሰዓቶችና ከመቁጠሪያዎች መሃል ቡናማ የቆዳ ማኅደር አየሁ። አንስቼ ክዳኑን ከፈትኩት። ባዶ ነው። ሽታው ግን አልወጣም፦ ያረጀ ቆዳ፣ ናፍታሊን፣ ትንሽ የማሽን ቅባት።

"ሌንሱ የለም፤ ያለው ማኅደሩ ብቻ ነው" አለኝ ሽማግሌው።

አፍንጫዬን ከማኅደሩ አላነሳሁም። ሰውየው ሳይገርመው አልቀረም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ አልፎ ስምንተኛውን ይዤ ነበር። አባቴ ጀማል በአንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የሰው ደም ሲያይ ይውልና ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ መስታወት ያነሳል። መደርደሪያው ላይ አምስት የቆዳ ማኅደሮች ነበሩ፤ በየማኅደሩ አንድ አንድ አሮጌ ሌንስ። በቀለበት እያገናኘ አዲሱ ካሜራው ላይ ይገጥማቸዋል። እሱና ጓደኞቹ "የማኑዋል ሌንስ" ይሏቸዋል። ፎከሱን ካሜራው አያስተካክለውም፤ ቀለበቱን በእጅህ እያዞርክ ራስህ ታጠራዋለህ ማለት ነው። እኔ ግን ማኑዋል የሚባል ሰውዬ ሞቶ ዕቃውን ለእነ አባቴ የተወላቸው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴን "ማኑዋል ልጆች አልነበሩትም?" ብዬ ጠየቅኳት። ልብስ እያጠፈች ስለነበር "እኔ እንጃ፣ አባትሽን ጠይቂ" አለችኝ። አልጠየቅኩም። ወራሽ ያጣ ሰው ስለመሰለኝ ከሶላት በኋላ ዱዓ አደርግለት ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ጋሽ ተፈራ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራ፣ ድምፁ ገና ከታች ከደረጃው የሚሰማ ረጅም የጎንደር ሰው ነው። አሞ በክሪ፣ አጎት ለማለት በዐረብኛ 'አሞ' የምለው፣ ገዳሪፍ ያደገ ሱዳናዊ ነው፤ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት አለው። አማርኛውን ከሐበሻ ጎረቤቶቹ ለምዶ ነው፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ዐረብኛው ይመለሳል። ሳምንቱን ሙሉ ያነሱትን አሞ በክሪ አጥቦ ያመጣል። ፎቶዎቹ ምንጣፉ ላይ ተደፍተው ይደረደሩና አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። ያነሳው ሰው ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ትንፍሽ አይልም። ሕጋቸው ይኸው ነበር።

"ይቺን ድመት ተመልከት! ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ወተት መስሏል" ይላል ጋሽ ተፈራ።

"ጠርዙ ጠፍቷል ግን" ይላል አሞ በክሪ።

"ጠርዙ ገደል ይግባ፤ ዓይኗን እያት ሰውዬ!"

አራተኛዋ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ ሻዕባን ውስጥ መጣች። ዘይነባ የእናቴ አገር ልጅ ናት፣ የወረባቦ ሰው። አንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራለች። ማዳሟ የሟች አባቷን ክፍል ስታጸዳ አሮጌ የፊልም ካሜራ ከነሌንሱ ሰጥታት "ጣዪው" ስትላት፣ ዘይነባ "ልውሰደው?" አለች። በዚያው የእሷ ሆነ። አሞ በክሪ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳያት። የዕቃውን ስም አንዱንም አታውቅም፤ የሌንሱን ቀለበት "ጆሮው" ነበር የምትለው። "ጆሮውን ጠምዘዝ ሳደርገው መጣልኝ" ትላለች። የመጀመሪያ ፎቶዋ ሲገለበጥ የምትሠራበት ቤት ልጆች ጫማ ነበር፤ ከበሩ ሥር የተወረወሩ ስድስት ትንንሽ ጫማዎች፣ አንደኛው ተገልብጦ። ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ "እኔ ሃያ ዓመት ካሜራ ይዤ እንዲህ ያለ አላነሳሁም" አለ። ዘይነባ ሕጉን ረስታ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያነሳሁት!" ብላ ጮኸች።

ረመዳን ሲገባ የአባቴ ፎቶዎች ተለወጡ። ሰዎቹ ከእንፋሎት ውስጥ የወጡ ይመስላሉ። የእሱ ፎቶ ሲገለበጥ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዘይነባ ጫማዎቹን ያቀረበች ቀንም ጸጥታ እንደነበር አስታውሼ፣ አባቴም እንደሷ የሚያስደንቅ ነገር እየሠራ መሰለኝ። ደስ ይለኝና ፊታቸውን እያፈራረቅኩ አያለሁ።

አንድ ዓርብ አሞ በክሪ ጉሮሮውን ጠረገና "ሌንሱ ሻጋታ ሳይዘው አይቀርም። ስጠኝ፣ ከፍቼ ላጽዳልህ" አለው።

አባቴ ሌንሱን ሊቀበል ወደ ፎቶ ቤቱ ሲሄድ ተከትየው ነበር። አሞ በክሪ ሌንሱን ይዞ ወደ በሩ ወጣና ወደ ፀሐይ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየበት። ከዚያ አባቴን አየው። ከዚያ ምንም የሌለበትን መስታወት በጨርቅ ወለወለ።

"ትንሽ ነበረበት። ኸላስ፣ አሁን ንጹሕ ነው" አለ።

አባቴ አመሰገነው። የዚያ ሳምንት ፎቶዎቹም ብዥ ያሉ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አባቴ መኪናውን ሸጠ። "በዚህ ከተማ መንዳት ሰለቸኝ" አለ። ስለ ትምህርቴም ድንገት ተቆርቋሪ ሆነ። ሱቅ ስንገባ የዕቃውን ስም ያስነብበኛል፤ መንገድ ላይ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ ቤት ውስጥ ስልኩ ላይ የመጣውን መልእክት። "ንባብሽን ልስማ እስቲ" ይለኛል። ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አባቱ ለንባብ እንዲህ የሚጨነቅለት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ቢጫ የግንበኛ ሜትር ይዞ መጣ።

"ሰሚራ፣ ሥራ ሰጥቼሻለሁ" አለኝ።

ጣራው ላይ ወጣን። እሱ ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። የሜትሩን ጫፍ ከካሜራው አስነክቶ እኔ ልብስ የምታሰጣው እናቴ ድረስ ጎትቼ ሄድኩና አነበብኩ።

"ሁለት ሜትር ከአርባ!"

"ነይ እንግዲህ። ቀለበቱ ላይ ቁጥሮች አሉ። ሁለት ተኩል አካባቢ ያለውን ከነጩ መስመር ጋር አጋጥሚልኝ።"

ቀለበቱ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲዞር ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ ይከብዳል። አጋጠምኩለት። እናቴን "እንዳትንቀሳቀሺ" አላት። ቀጭ!

ከዚያ በኋላ ሜትሩን ይዤ ያልሄድኩበት የለም። ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን ለካሁ። የዳቦ ቤቱን አፍጋኒ ለካሁ፤ "ከፈን ልትሰፊልኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው እንዲህ ነበር የሚመስለኝ፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጫናል። ትምህርት ቤትም "እኔና አባቴ ፎቶ አንሺዎች ነን" ብዬ አወራሁ።

ፎቶዎቹ ጠሩ። ጋሽ ተፈራ የመጀመሪያውን ሲገለብጥ የአባቴን ትከሻ በመዳፉ መታው። "አልኩህ እኮ! ሻጋታው ነው!" አሞ በክሪ ፎቶውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ አየና መልሶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ዘይነባ ግን አንዱን አንስታ፣ ሌላውን አንስታ፣ ቅንድቧን ቋጠረች።

"ጋሼ ጀማል፣ የእርስዎ ሰዎች ምንድን ነው የሚጠብቁት?"

"እንዴት?"

"ሁሉም ቆመዋል። ስማቸው እስኪጠራ ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። ድሮ እርስዎ ያነሱት ሰው ይስቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሮጣል።"

"ሰው ሲያረጅ ይረጋጋል" ብሎ ሳቀ አባቴ። ሳቁ ግን አጭር ነበር።

ከሐጅ በፊት ባለው ወር፣ ዙልቂዕዳ ላይ፣ የዘይነባ አሠሪዎች ለጥቂት ቀን ሲጓዙ እሷም ፈቃድ አገኘችና ከእናቴ፣ ከአባቴና ከእኔ ጋር አራት ሆነን ለዑምራ መካ ሄድን። ጋሽ ተፈራ ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም፤ "የድሮዎቹን ቤቶች አንሱልኝ፣ በእናንተ ዓይን አያለሁ" ብሎ ሸኘን። ዑምራችንን ጨርሰን ያረፍነው ዑተይቢያ ሠፈር፣ የእናቴ ዘመድ ቤት ነው። በማግስቱ ከዐስር በኋላ እናቴ እዚያው ስትቀር እኔ፣ አባቴና ዘይነባ ወደ ገበያው ወጣን።

መንገዱ ጠባብ ነው። የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል፣ ሽቶ ይሸታል፣ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። አባቴ እጄን አጥብቆ ይዟል፤ ያን ጊዜ ሁሌም አጥብቆ ነበር የሚይዘኝ። አንድ ጥግ ላይ ሰውዬ ሮዝና አረንጓዴ የተቀቡ ጫጩቶች በካርቶን ይሸጣል። እጄን መንጭቄ አወጣሁና ተንበረከክሁ። አንዷ ሮዝ ጫጩት ጣቴን ነካ አደረገችው።

ቀና ስል አባቴ እየሄደ ነው። በእጁ ሌላ ልጅ ይዟል። እንደኔው ነጭ ሒጃብ የለበሰች፣ በቁመት የምታህለኝ ጠይም ልጅ። ልጅቷ ከድንጋጤ የተነሳ አፏን ከፍታ ትከተለዋለች።

እኔ ቀልድ መሰለኝ። እጄን ስላስለቀቅኩ ሊያስቀናኝ ነው ብዬ አፌን በመዳፌ ይዤ እየሳቅኩ ከኋላ ተከተልኩ። ጎንበስ ብሎ "ሰሚራ፣ ያንን የሱቅ ስም አንብቢልኝ እስቲ" ሲላት ሰማሁ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

"ያ ረጁል! ቢንቲ! ልጄን!" የምትል ሴት ሰዉን እየገፋች መጣች። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ጎልማሳ የአባቴን ክንድ ያዘው። አባቴ ተንበረከከና ፊቱን ከልጅቷ ፊት አንድ ስንዝር እስኪቀረው አስጠጋ።

"ሰሚራ?"

"እዚህ ነኝ አባዬ!" አልኩ እየሳቅኩ። ከእኔ በቀር የሳቀ አልነበረም።

ዘይነባ በሰዉ መሃል ሰንጥቃ ገባች። ሴትዮዋን በዐረብኛ "እህቴ፣ ልጁ መስላው ነው። ልጁ ያቻትና፣ ሒጃባቸውን እይው። ሰውየው ዓይኑ ታሟል" አለቻት። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ አባቴን አየች። ልጇን ወገቧ ሥር ሸጎጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አላህ ያሽፊህ፣ ይማርህ" አለችው። ክንዱን የያዘው ሰውዬም ለቀቀው።

ወደ ዘመዳችን ቤት ተመለስን። ደረጃው ላይ ስንደርስ አባቴ ቆመ።

"ዓይኑ ታሟል ያለሽ ማነው?" አላት። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"ማንም አላለኝ። ፎቶዎችዎ ናቸው ያሉኝ።"

"ፎቶዎቼ ጥርት ያሉ ናቸው!"

"ልጅቷ ለክታ ስለምታጠራልዎ ነዋ።" ዘይነባ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "ጋሼ ጀማል፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን እርስዎ ክሊኒክ የሰው ደም ነው የሚያዩት አይደል?"

"የሚያጠራጥረኝን ባልደረባዬ ይደግምልኛል።"

"ያላጠራጠርዎትስ?"

አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ከእሷ በታች ተቀመጠ። "አባቴ በአርባ አምስት ዓመቱ ታወረ" አለ። "እኔ አርባ ሦስት ነኝ። ሐኪም ጋ ከሄድኩ ያንኑ ነው የሚነግሩኝ።"

"ካልሄዱስ አይታወሩም?"

እኔ ከሁሉም በታች ያለችው ደረጃ ላይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ያስፈራኝ የአባቴ ዓይን አልነበረም። ዘይነባ "ለክታ ስለምታጠራልዎ" ስትል ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ተሰማኝ። መለካቱ ኃጢአት ከሆነ ብዬ ሜትሩን ከኪሴ አውጥቼ ከደረጃው ሥር ደበቅኩት።

እናቴ ድምፅ ሰምታ ወረደች። አባቴ እዚያው ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። እሷ ስታለቅስ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ "እኔኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር። አዲስ ልብስ ለብሼ ፊትህ ስቆም እንኳ አታየኝም ነበር።"

ጅዳ በተመለስን ማግስት አባቴ የክሊኒኩ ኃላፊ ጋ ገብቶ ተናገረ። ከማይክሮስኮፑ አንስተው የናሙና መቀበያ መስኮት ላይ አስቀመጡት። ራሱ ለምኖ ያለፉት ሳምንታት ደም የተቀባባቸው መስታወቶች ሁሉ እንደገና እንዲታዩ አደረገ። ባልደረባው ሲያይ በሰነበተባቸው ቀናት አባቴ ምግብ እየተወ ይነሳ ነበር። በመጨረሻ አንድ ተገኘ፦ አባቴ "ንጹሕ" ብሎ የጻፈው፣ ወባ ያለበት ደም። የሰውየው ስልክ አይነሳም። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ የሠፈሩን ስም፣ "ካራንቲና" ብቻ ይላል።

ጋሽ ተፈራ ከሥራ ቀርቶ በመኪናው ወሰደው። ከጠዋት እስከ ዐስር ሶላት በየበሩ ሲጠይቁ ውለው፣ ስምንት ሰዎች በሚኖሩባት አንዲት ክፍል ውስጥ የመናዊውን የቀን ሠራተኛ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ አገኙት። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ተረፈ። አባቴ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሾርባ ይዞለት ሄደ፤ ሰውየው ይቅር ብሎታል፤ አባቴ ግን ይህ ጉዳይ ሲነሳ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓርብ ፎቶ ከመገልበጡ በፊት አባቴ ተናገረ። ሲጨርስ አሞ በክሪ ምንጣፉን እያየ "ሌንሱ ንጹሕ ነበር፣ ያ ጀማል" አለ። "የዚያን ቀን ከፍቼው ምንም አላገኘሁበትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እኔ ፎቶ አጣቢ ነኝ። እንዴት ብዬ ለሰው ዓይንህ እየጠፋ ነው እላለሁ? ፈራሁ ወላሂ።"

"እኔም አውቄ ነበር" አለ ጋሽ ተፈራ፤ ያ ትልቅ ድምፁ አልነበረም። "ሻጋታ ነው ስል ለራሴም እየዋሸሁ ነው።"

"እናንተ ስትፈሩ፣ እኔም ስፈራ" አለ አባቴ፣ "አንድ ሰው ሊሞት ነበር።"

የዓይን ሐኪሙ ጋ የወሰደውም ጋሽ ተፈራ ነው። እንደ አያቴ አልነበረም። "ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል" ብሎ መጣ አባቴ፣ እናቴን አቅፎ። እኔ ደግሞ የማውቀው ሞራ የበግ ሞራ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋ ሲቀርብልኝ ስቡን ሁሉ እየለየሁ ሳሕን ጠርዝ ላይ አስቀምጥ ነበር፤ ወደ ዓይኔ እንዳይወጣ።

መጀመሪያ የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። ፋሻው በተነሳ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ካሜራውን አነሳ። እኔን ጠራኝ። ከመካ እናቴ ከደረጃው ሥር አግኝታ ያመጣችውን ሜትር ይዤ ስቀርብ "እሱን ተይው፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አለኝ።

ቀለበቱን ራሱ አዞረ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ሰለቸኝ። "አባዬ ቶሎ በል!" አልኩት።

ካሜራውን ከፊቱ አወረደ።

"ጥርስሽ በቅሏል እንዴ?"

"የቱ?"

"የፊቶቹ፤ ሁለቱ።"

"ከረመዳን በፊት እኮ ነው የበቀሉት" አልኩት። ደግሞም እውነቴን ነው፤ ሲበቅሉ አፌን ከፍቼ አሳይቼው "ማሻአላህ!" ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አገጬን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረኝና ጥርሶቼን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ነካቸው። እናቴ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ታየናለች። ቆይቶ ካሜራውን መልሶ አነሳ። ቀጭ!

ዓርብ ያ ፎቶ ምንጣፉ ላይ ተደፍቶ ተቀመጠ። ዘይነባ ገለበጠችው። አራቱም አጎነበሱበት። ለአንዲት ደቂቃ ያው የድሮው ጸጥታ ሊመጣ ሲል፣

"ጋሼ ጀማል" አለች ዘይነባ፣ "ይሄ ብዥ ብሏል።"

"ብዥ ብሏል ወላሂ!" አለ አሞ በክሪ በጥድፊያ።

"የጠራው ጆሮዋ ነው እንጂ ፊቷ አይደለም!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ተፈራ፣ ሕንፃው እስኪሰማ። "ጥርሷን ልታነሳ ሄደህ ጆሮዋን አነሳህ!"

አባቴ ፎቶውን ወሰደ። ቀረብ አድርጎ አየው፣ ራቅ አድርጎ አየው።

"እውነታችሁን ነው" አለ። "ጆሮዋ ነው።"

ከዚያ ሳቀ። ሳቁ አላቆም ብሎት በአዲሱ ዓይኑ በኩል እንባው ወረደ፤ ሐኪሙ እንዳትነካው ብሎት ስለነበር እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ካሜራውን አንስቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

"ነይ ሰሚራ" አለኝ፣ "ፀሐይዋ ሳትገባ ደግሜ ላንሳሽ።"